ለሬዲዮው ስድስት፣ ለእጄ አሥራ ስምንት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11 ቀን

አባባ ወጣ! አባባ ከቤት ወጣ! በገዛ እግሩ ተነሥቶ፣ በሩን በገዛ እጁ ዳብሶ ከፍቶ፣ ያችን የሾፌርነት ኮፍያውን ደፍቶ ባለሦስት ጎማዬ ላይ ጎኔ ቁጭ አለና እስከ ድልድዩ ደርሰን ተመለስን። ያ ጥቁሩ ሬዲዮ፣ የጭነት መኪናው ሬዲዮ፣ መሃላችን ተቀምጦ እየዘፈነ! ያየን ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔ ደግሞ ከሁሉም ብሼ ስስቅ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ዘው አልኩና አባባ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "መንገዱን እኔ ልይልሽ እንዴ?" ዐይኑ የጠፋው ሰውዬ! በሳቅ ሞትኩ።

ውይ፣ ሰላምታውን ዋጥኩት። እሺ፣ ከመጀመሪያው።

ውድ ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ያ የትከሻህ ሕመም ለቀቀህ ወይስ መብራት ኃይሎች አሁንም ከምሰሶ ምሰሶ ያንጠላጥሉሃል? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ወገቤ አልፎ አልፎ ይቆጣኛል እንጂ ሌላ የለብኝም፤ እሱንም የዳቦ ሣጥን ማንሣት ነው ብዬ ስቄ አልፌዋለሁ። ይህን ሁሉ በስልክ ያልነገርኩህ በምክንያት ነው። አንተ በስልክ "እ... እ... እሺ በቃ፣ ደህና ሁኚ" ነው ነገርህ። ስለ አባባ ሳነሣ ደግሞ መስመሩ ይቆረጣል፤ ሁልጊዜ እዚያች ቦታ ላይ መቆረጡ ይገርመኛል። ደብዳቤ ግን እስኪያልቅ አያቋርጠኝም። ተናድደህ ብታስቀምጠው እንኳ መልሰህ ታነሣዋለህ፣ አውቅሃለሁ።

እማዬ ካረፈች በኋላ አባባ እኔ ዘንድ መግባቱን ታውቃለህ። ዐይኑ እየደከመ መጥቶ ባለፈው ክረምት ጭራሽ እንደጨለመበትም ጽፌልህ ነበር። ያልጻፍኩልህ ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው።

ዳቦ ቤቱ ለማመላለሻ የሰጠኝ ባለሦስት ጎማ አለች፤ በኤሌክትሪክ የምትሄድ፣ ከኋላዋ ትልቅ ሣጥን፣ ከፊቷ ለሁለት ሰው የሚበቃ መቀመጫ ያላት። ድምፅ የሚባል ነገር ስለሌላት "ዝምተኛዋ" እንላታለን። እኔና እሷ ስንገናኝ ሰው "ተመጣጠናችሁ" ይላል፤ እሷ ዝም የምትለውን እኔ ስለምናገርላት። ከመቀመጫዋ ሥር አምስት ባትሪዎች ተደርድረዋል። እያንዳንዳቸው አሥራ ሁለት ቮልት፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ስድሳ። ይኼን አሁን ነው የተማርኩት፤ ድሮ ለእኔ ባትሪ ባትሪ ነበር።

አንድ ቀን "ና አባባ፣ ትንሽ ነፋስ ይንካህ" ብዬ ደግፌ አስቀመጥኩት። ከግቢው እንደወጣን ወንበሩን በሁለት እጁ ጨምድዶ ጮኸ።

"አቁሚ! አውርጂኝ!"

"ምነው አባባ?"

"ይኼ መኪና አይደለም፣ ገደል ነው። አላይ፣ አልሰማ። ምን ይዤ ልሂድ?"

እስቲ አስበው፤ ዕድሜውን ሙሉ መንገድን በሞተር ድምፅ ያነበበ ሰው። ዳገቱን፣ የጭነቱን ክብደት፣ የጎማውን ጤና በጆሮው ነበር የሚያውቀው። መለስኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። መጀመሪያ "አልራበኝም" ይለኝ ነበር፤ ቀጥሎ ያንንም ማለት ተወ። ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሙ ደረቱን አዳመጠ፣ ደሙን አስመረመረ፣ ከዚያ እኔን ወደ ውጭ ጠራኝና "አባትሽ ሕመም የለባቸውም፤ የሚነሡበት ምክንያት ነው ያጡት። በዚሁ ከቀጠሉ ግን ሰውነታቸው መነሣቱን ይረሳዋል" አለኝ። ከረሳው በኋላስ ምን ይሆናል ብዬ አልጠየቅሁም። ገብቶኛል።

እንግዲህ ድምፅ ካጣ ድምፅ ልስጠው አልኩና ሞባይሌ ላይ ሬዲዮ ከፍቼ ጆሮው ሥር አደረግሁለት። "ይኼን ጉሮሮውን የታነቀ ነገር ዝጊልኝ" አለኝ። ያኔ ነው የጭነት መኪናው ሬዲዮ ትዝ ያለኝ።

አንተስ ትዝ ይልሃል አይደል? ዳሽቦርዱ ላይ በከመነዳሪ፣ በጎማው የውስጥ ላስቲክ ቁራጭ ታስሮ፣ መኪናው ሲንገጫገጭ አብሮ እየተንገጫገጨ። አባባ ከኩርባው ላይ ሲያዞር የሞተሩን ድምፅ ከሁሉም ቀድማ የምትሰማው እማዬ ነበረች። "መጣ" ትልና ድስቱን ትጥዳለች፤ መኪናው ደጃፍ ሲቆም ምግቡ ይደርሳል። እኔና አንተ ጋቢና ለመውጣት እንጋፋለን። ጋቢናው ናፍጣ ናፍጣ፣ ገመድ ገመድ፣ አባባ አባባ ይሸታል። እስካሁን የናፍጣ ሽታ ድንገት ሲመጣብኝ ልጅ እሆናለሁ፤ የዝምተኛዋ አንድ ጥፋቷ ምንም አለመሽተቷ ነው። የሬዲዮው ባትሪ ድንጋይ ሲደክም እኔና አንተ ቆርቆሮ ላይ ዘርግተን ፀሐይ እናሞቀው ነበር፣ አንዲት ዜና የምታህል ዕድሜ እንዲጨምርልን። ትንሿ እኅታችን ያኔ ገና መሄድ መጀመሯ ነው፤ ድንጋዮቹን ትሰርቅና እንደ አሻንጉሊት ጨርቅ አልብሳ ታስተኛቸዋለች። አባባ ዜና አምልጦት ሲቆጣ እሷ "እሽሽ፣ ተኝተዋል" ትለዋለች።

ከዚያ አንተ ያን ነገርህን ሠራህ። የብስኩት ቆርቆሮ፣ በምስማር የተበሳሳ፣ ውስጡ ጥምዝምዝ ሽቦ ምናምን። "ከመኪናው ባትሪ በቀጥታ ብንሰጠው ሬዲዮው ይቃጠላል፤ ይኼ ግን ኃይሉን ዝቅ ያደርግለታል" ስትለኝ አፌን ከፍቼ ነበር የማይህ። እማዬ "ይኼ ልጅ አንድ ቀን ቤቱን ሳያነደው አይቀርም" አለች፤ ግን ብስኩቱን ገልብጣ ቆርቆሮውን የሰጠችህ እሷው ናት። የመኪናው ባትሪዎች ሁለት ነበሩ። አንተ ከአንዱ ቀዳህለት። ሬዲዮው ጥርት ብሎ ተናገረ! አባባ አንድም ቃል አልተነፈሰም፣ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ባትሪ ድንጋይ መግዛት አቆመ። የእሱ ምስጋና ይኸው ነበር።

ቀጥሎ ያች ጉዞ መጣች። አባባ ጭነት እንደያዘ ሰው የሌለበት አገር አድሮ ጠዋት ሞተሩን ቢያስነሣ እምቢ። አንደኛው ባትሪ ሞቷል፤ ጓደኛው ብቻውን ምን ያድርግ? ጢሙ አድጎ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ሲመጣ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ እየጠበቀው ነበር። እዚያ መሃል "እኔ ልጅ ነው ያሳደግሁት ወይስ የባትሪ ቅማል?" አለ። ሰው ሳቀ። የሰፈሩ ልጆችም ስም አገኙልህ። እኔ እንደ ልማዴ ማንም ሳይነካኝ አለቀስኩ፤ "ፊውዝ" ያልከኝ ለዚሁ አይደል፣ ነገር ሲጦዝ ከሁሉ ቀድማ የምትበጠስ። አንተ ግን አላለቀስክም፣ አልሳቅክም። ብዙም ሳትቆይ የቴክኒክ ትምህርት ብለህ ሻንጣህን አነሣህ። ይኸው ስትመጣ እንግዳ፣ ስትሄድ እንግዳ። በእማዬ ቀብር ዕለት እንኳ ከአባባ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ ስለ ዝናቡ ብቻ ነው ያወራችሁት። ቆርቆሮህን ገደል የወረወረው መስሎህ ነበር አይደል? እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

ታዲያ ሬዲዮውን ፍለጋ ከአልጋው ሥር የአባባን የብረት ሻንጣ ጎትቼ ከፈትኩ። ሬዲዮው በአሮጌ ሹራብ ተጠቅልሎ አገኘሁት። ከሥሩ ደግሞ የሾፌርነት ጓንቶቹ፣ ከጓንቶቹ መሃል ያንተ የብስኩት ቆርቆሮ! ቀለሙ ተልጦ፣ አንድ ጎኑ በሙቀት ጠይሞ፣ እንደ እንቁላል በጥንቃቄ ተቀምጦ። አባባ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ልጠይቀው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ!

ሬዲዮውን ወደ "ሐኪሟ" ወሰድኩት። ሐኪሟ የምንላት ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ሬዲዮና ሞባይል የምትጠግን፣ ግንባሯ ላይ ማጉያ መነጽር የማይጠፋ ሴት ናት። የባትሪ ድንጋዩ ማስቀመጫ በዝገት ተበልቷል፤ ሆዱ ግን ደህና ነው። ጠረገች፣ አጸዳች፣ ሁለት ሽቦ አወጣችለትና "እትዬ፣ ይኼ ስድስት ቮልት ብቻ ነው የሚጠጣው። ከዚያ በላይ ካጠጣሽው እኔ ጋ ሳይሆን ወደ መቃብር ነው የምትወስጂው" አለችኝ።

እዚያው ጨርሺልኝ ብላት ምን ነበረበት! ግን ዝምተኛዋን የሚጠግናት መካኒክ ይቀየማል ብዬ ወደ እሱ ሄድኩ። ስሙን የሚያውቅ የለም፤ ምን ብትጠይቀው መልሱ አንድ ስለሆነ "ቀላል ነው" እንለዋለን።

"ስድሳውን ወደ ስድስት እንዴት ታወርድልኛለህ?" አልኩት።

"ቀላል ነው! ስድሳው ምን ያደርግልሻል? ለሬዲዮው የሚቀርበው ባትሪ አሥራ ሁለት ነው፤ ከእሱ ብቻ እንቀዳለን። አሥራ ሁለቱን ስድስት የሚያደርግ መቀነሻ ደግሞ ኪሴ ውስጥ አለ።"

ወንድም ጋሼ፣ ይህን ስታነብ ራስህን በሁለት እጅህ እንደያዝክ ይታየኛል። እኔ ግን ምን ላውቅ? ሬዲዮው ሲናገር እልል አልኩ። እየሮጥኩ ገብቼ "አባባ፣ ስማ! ያንተ ሬዲዮ እኮ ነው! ና እንሂድ" አልኩት። "ሬዲዮ ሰምቼ አውቃለሁ" አለኝ፤ ፊቱን እንኳ አላዞረም።

ተስፋ አልቆረጥኩም። ቀኑን ሙሉ ከፍቼው ዳቦ ሳዞር እውላለሁ። ማታ ስመለስ ከኩርባው ጀምሮ ድምፁን ከፍ አደርገዋለሁ፣ እማዬ ድሮ እሱን እንደምትሰማው እንዲሰማኝ። ገብቼ ሳየው ጆሮው ወደ መስኮቱ ዘንበል ያለ ይመስለኛል፤ ወይ እኔ ነኝ እንዲመስለኝ የፈለግሁት። ቃል ግን የለም። ሾርባውን ሁለት ማንኪያ ይቀምስልኝና በቃኝ ብሎ እጁን ያነሣል።

እንዲህ እያልን ዝምተኛዋ መለገም ጀመረች። ቀኑን ሙሉ ትችል የነበረችው ከቀትር በፊት ትደክማለች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሙሉ ዳቦ እንደጫነች ዳገቱ መሃል ቀጥ አለች። መንገደኛ ገፍቶ ግቢ አደረሰልኝ። እኔና ቀላል ነው መስኮቱ ሥር ቆመን ጭቅጭቅ ያዝን።

"አንተ ነህ ያበላሸሃት!"

"እትዬ ደግሞ! አምስት ባትሪ ተሸክማ በአንዲት ሽቦ ትሞታለች? ሬዲዮ እኮ እንደ ወፍ ነው የሚበላው።"

"ወፍም ቀኑን ሙሉ ከአንድ ጎተራ ከለቀመች ትጨርሰዋለች!"

"ቀላል ነው፣ ሞተሯ ይሆናል፤ ፈትቼ—"

"ከየትኛው ባትሪ ነው የቀዳችሁት?"

ድምፁ ከመስኮቱ ነው። ሻካራ፣ ብዙ ጊዜ ያልተነገረበት ድምፅ። ዞር ብል አባባ አልጋው ላይ ተነሥቶ ተቀምጧል።

"ለሬዲዮው... ለሬዲዮው ከሚቀርበው" አልኩት።

"በቃ፣ እሱ ነው የወደቀው። ሞተሩን እንዳትነኩ። ጠብቁኝ።"

ጠብቁኝ! ፊቱን ከግድግዳ ያላነሣ ሰው ጠብቁኝ ይላል! ጫማውን ግራ ቀኙን አቀያይሮ አደረገ፣ ግድግዳውን እየዳበሰ መጣ። ልደግፈው ብሮጥ "እኔን አትያዢኝ፤ በመንገዴ ላይ ያለውን ወንበር አንሺልኝ" አለኝ። እንባዬ እየወረደ ወንበሩን አነሣሁ።

መቀመጫዋን አስከፈተና አጎንብሶ ባትሪዎቹን አንድ በአንድ በመዳፉ ዳበሳቸው፣ ሽቦዎቻቸውን በጣቱ ተከተለ። ቀላል ነውን በቴስተር አስለካው። አራቱ ደህና ናቸው። አምስተኛው ላይ ሲደርስ ቀላል ነው መልሶ ለካው።

"ምን ይላል?" አለ አባባ።

"ወድቋል አባቴ። እንዴት አወቁ?"

"ሰው ሁልጊዜ የሚቀዳው ከቀረበው ነዋ። የራቁት ሙሉ ሆነው ይቀመጣሉ። ማታ ቻርጅ ስታደርጉም ለሁሉም እኩል ነው የሚሰጠው፤ እሱ የጎደለበትን ማን ይሞላለታል? ግን በአንድ ገመድ ነው የታሰሩት፤ እሱ ሲወድቅ ሁሉም ይቆማሉ።" ከዚያ እጁን ዘርግቶ አየሩን ፈለገ ፈለገና ትከሻዬን አገኘው። "ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ችሎ፣ ችሎ ነው።"

ስለ ባትሪው ነው መሰለኝ። እኔ ግን ዐይኔ ውስጥ ዱቄት ገባብኝ።

ከዚያ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ሮጥኩና ቆርቆሮህን አምጥቼ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ጣቶቹ ቀዳዳዎቹን ሲያገኙ ፊቱ ምን እንደሆነ ልጽፈው አልችልም። መጥተህ እይ።

"ተበላሽቶ ነው ያስቀመጥከው?" አልኩት።

"ማን ተበላሸ አለሽ?"

"ያኔ መኪናው ሲቆም..."

"መኪናውን ያቆመው ከአንዱ መቅዳታችን ነው። ቆርቆሮው ምን አጠፋ? የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሽቦውን አዞረልኝና ከሁለቱም አንድ ላይ ቀዳን፤ ሃያ አራት ሆነ። ውስጡ ኃይል የምትገታ አንዲት ጥምዝምዝ ሽቦ ጨመረበት። መኪናውን እስከሸጥኩባት ቀን ድረስ ሠርቷል።"

"ሃያ አራቱን ስድስት እያደረገ?"

"ስድስት እያደረገ። የተረፈው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ብርዱን አገር ስሻገር ጓንቴን አወልቅና እጄን እላዩ ላይ አሳርፋለሁ፤ እንደ ድመት ይሞቃል። ለሬዲዮው ስድስት፣ ለእጄ አሥራ ስምንት።" ቆርቆሮውን ገለበጠው። "ልጄ እጄን ያዘኝ እል ነበር።"

ለማን ነበር የምትለው ብዬ አልጠየቅሁትም። ጋቢናው ውስጥ እኮ ብቻውን ነበር።

"ታዲያ ለእሱ ለምን አልነገርከውም?"

"አልጠየቀኝማ!"

እይ እንግዲህ! እሱ አልጠየቀኝም ይላል፣ አንተ አልነገረኝም ትላለህ። ከአንድ ድንጋይ የተፈለጣችሁ! ቀላል ነው እንኳ የቴስተሩን ሽቦ ሲጠቀልል ሲፈታ ነበር፤ ለአንድ ጊዜ "ቀላል ነው" አላለም።

በማግስቱ ሐኪሟን ቤት ድረስ ጠራናት። የወደቀውን ባትሪ ለብቻው አውጥታ ቀስ ብሎ እንዲሞላ አደረገችው። "ከሌሎቹ ጋር አትቸኩሉበት፤ ትንሽ ለብቻው ይረፍ" አለች። አረፈ፣ ተመለሰም። ከዚያ ከአምስቱም አንድ ላይ ሊቀዳ ሆነ። ቀላል ነው ጥፋቱን ሊክስ አዲስ መቀነሻ ገዝቶ መጥቷል። ሐኪሟ በማጉያዋ አየችውና ሳቀች።

"ይኼ ከአርባ በላይ አይችልም። ያንተ ስድሳ ቻርጅ ጠግቦ ሲወርድ ሰባ ሊጠጋ ነው። ገና ስታገናኘው ነበር ጢስ የምታየው።" ከቦርሳዋ ሌላ አወጣች፤ የጣት ጥፍር የሚያህል የኃይል ማስተካከያ ብሎን ያለው፣ ከክብሪት ቤት ብዙም የማይተልቅ።

አባባ ዳበሰው። "ልጄ፣ ከስድሳ ስድስት ሲወጣ አምሳ አራት ይተርፋል። ያ ሁሉ ሙቀት ከዚህች ውስጥ ከወጣ የልጄን ዳቦ ይጠብሰዋል እኮ!"

"የለም አባቴ። የድሮው ሁሉንም ተቀብሎ ትርፉን ነበር የሚያቃጥለው። ይኼ የማይፈልገውን መጀመሪያውኑ አይቀበልም። እንደ ቧንቧ ነው፤ በጣም በፍጥነት ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ለሬዲዮው የምትበቃውን ያህል ብቻ ያሳልፋል። ባትሪውንም አያደክመው፣ እሱም ብዙ አይሞቅ።"

አባባ አሰበ፣ አሰበና "ታዲያ እጄን ምን ሊያሞቅልኝ ነው?" አለ።

"ልጅዎ ትያዝልዎት!"

ከእማዬ ሞት ወዲህ አባባ ጥርሱን ያሳየው ያኔ ነው።

ሬዲዮው ሳይገናኝ ብሎኗን ራሴ ካላዞርኩ አለ። ሐኪሟ መፍቻውን ከጣቶቹ ጋር ይዛ ብሎኗ ላይ አስቀመጠችለት። ቀላል ነው ቴስተሩን ያነባል፣ እኔ ሬዲዮውን ታቅፌ ቆሜያለሁ። ያለን ሬዲዮ አንድ ነው፤ ቢቃጠል አባባ ተመልሶ ወደ ግድግዳው ነው።

"አሥራ አንድ... ዘጠኝ... ሰባት... ቀስ አባቴ!"

"እኔ ነኝ ቀስ የምባለው? አንተ አንብብ!"

"ስድስት ተኩል... ስድስት!"

"ድገመው።"

"ስድስት!"

"በል ሽቦውን አንሥተህ፣ እንደገና አስነክተህ ድገመው።"

"ስድስት ነው አባቴ፣ በእናቴ!"

ሐኪሟ ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ጨመረችበት። አባባ ፊውዝ የሚለውን ሲሰማ "እሷን አውቃታለሁ፣ እኔ ነኝ ያሳደግኋት" አለ። አንተ ያወጣህልኝ ስም እስካሁን አልጠፋበትም! ሬዲዮው ተገናኘ። መጀመሪያ ተንሿሿ። አባባ ራሱ ቁልፉን በሁለት ጣቱ እንደ ድሮው ስልት ባለው አዙሪት ዞር አደረገው፤ ጣቢያው እንደታዘዘ መጣ። ከዚያ ቆመና "ኮፍያዬ የት ነው?" አለኝ።

ኮፍያዬ የት ነው! ወንድም ጋሼ፣ ከዚህ በላይ ምን ልጻፍልህ?

ዛሬ ጠዋት ነው የወጣነው። ወንበሩን አልጨመደደም። እጁን ሬዲዮው ጀርባ ላይ አሳርፎ ይሰማል፤ የሚሰማው ዘፈኑን ብቻ እንዳይመስልህ። ግራና ቀኝ ግንብ ሲሆን ድምፁ ተመልሶ ይመታዋል፣ ሜዳ ሲሆን ይሄድበታል። "አሁን ከግንቡ ወጣን" ይለኛል። "ይኼ ድልድዩ ነው፤ ከሥሩ ባዶ ነው፣ አቁሚ እስቲ።" አቆምኩ። ውኃውን ከሬዲዮው ጋር አብሮ ሰማ። ብዙ ቆየን። ዳቦው ሊቀዘቅዝ ነው አላልኩትም።

ከዚያ "ያ የባትሪ ቅማል ይህን ቢሰማ" አለኝ። የተናገረበት ድምፅ ግን የያኔው አይደለም። ልጅ ሲያባብሉ እንደሚሉት ነው ያለው። "ጻፊለት። ጠይቆኛል በይና ጻፊለት።"

"አልጠየቀህም እኮ።"

"ጠይቆኛል በይ አልኩሽ! እኔ ደግሞ ነግሬዋለሁ።"

ይኸው ጽፌልሃለሁ። ጠይቀሃል፣ ነግሮሃል። አለቀ።

ማታ ሙሉ ሳህን በልቶ "ጨው ያንሰዋል" አለኝ። እኔ እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ስድብ ሰምቼ አላውቅም። አሁን ተኝቷል፤ ፊቱ ወደ በሩ ነው። ቆርቆሮህ ትራሱ አጠገብ ነው። ከአናቱ ያለው አልጋ ደግሞ ባዶ ነው፤ አንሶላውን አጥቤ አንጥፌዋለሁ፣ እንዲሁ ለነገሩ። ወገቤም ደህና ነው ብዬሃለሁ፤ ትንሽ ቀን ሣጥን የሚያነሣልኝ ባገኝ ግን አልጠላም።

አምላክ እጅህን ከሚነዝር ሁሉ ይጠብቅልህ። ልጆችህን እንደ አምስቱ ባትሪዎች እጅ ለእጅ ያያይዝልህ፣ ማንኛቸውንም ብቻውን አያድክምብህ። የአባባ ምርቃት ግን ከእኔ ይበልጣል፤ እሱ "መንገድህ ዳገት ሲሆን ማርሽህ አይክዳህ" ብሎሃል፣ ቃል በቃል።

የማትዘጋው እኅትህ፣
ፊውዝ

ረስቼው! የአባባን መነሣት ምክንያት አድርገን ትንሽ ድግስ አስበናል። አባባ መናኸሪያ ድረስ ራሴ ነኝ የምቀበለው ብሏል፤ በዝምተኛዋ፣ በኮፍያው፣ ሬዲዮው ተከፍቶ። ከአውቶቡሱ ስትወርድ ድምፁን ተከትለህ ና። ለትንሿም ጽፌላታለሁ፤ ባትሪ ድንጋዮቹን ዳግም ካልሰረቀች ተፈቅዶላታል። ሐኪሟ ትመጣለች። ቀላል ነው ድግሱን ሲሰማ "ቀላል ነው" ብሏል፤ ለማንኛውም ወንበሮቹን እኔ እቆጥራለሁ። ባለቤትህንም ልጆቹንም ይዘህ፣ ሥራ ምናምን ሳትል። እሁድ ነው፣ ታኅሣሥ 7፣ ከረፋዱ ጀምሮ፣ ሁላችሁም።